ቤት ሳያሞቁ የማሞቂያ ድጎማ የማከፋፈል ጥበብ

የቤት ማሞቂያ ድጎማ ማለት መንግሥት ከግብር ከፋዩ የሰበሰበውን ገንዘብ፣ ብዙ ወረቀት ካስሞላ በኋላ፣ ለዚያው ግብር ከፋይ ላለመመለስ የሚዘረጋው አሠራር ነው። በዚህ ሙያ ብሪታንያን የሚስተካከል አገር ማግኘት ያስቸግራል። ቤቶቿ ያረጁ ናቸው፤ ግድግዳቸውና ጣሪያቸው ሙቀት አይዝም፤ አብዛኞቹ የሚሞቁት በጋዝ ቦይለር ነው። መፍትሔው ምሥጢር የለውም። ግድግዳውና ኮርኒሱ ሙቀት በማያስወጣ ነገር ይለበጣል፤ ከዚያ ቦይለሩ ተነሥቶ ከውጭው አየር ሙቀት ስቦ ወደ ቤት በሚያስገባ የሙቀት ፓምፕ ይተካል። ከብሪታንያ ይልቅ ብርዱ በሚጠናባቸው በኖርዌይና በስዊድን ይህ ፓምፕ ተራ የቤት ዕቃ ሆኗል። የሚያስፈልገው ባለሙያና ገንዘብ ብቻ ነው። እንዲህ በቀላሉ ቢያልቅ ግን ጥበብ አይባልም ነበር።

ከትልልቆቹ ሙከራዎች አንዱ በጥር 2013 የተጀመረው «አረንጓዴ ስምምነት» ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ዕቅድ ድጎማ ብድር አግብቶ መጣ። የቤቱ ባለቤት ለእድሳቱ ይበደራል፤ ወለዱ 7 በመቶ ገደማ ነው፤ ዕዳው ከመብራት ሒሳቡ ጋር እየተደመረ ይከፈላል። ባለቤቱ ቤቱን ሸጦ ቢሄድ ዕዳው አብሮት አይሄድም፤ ቆጣሪው ላይ ተቀምጦ አዲሱን ገዢ ይጠብቃል። ቤት ገዢ ሰው የማያውቀው ሰው ዕዳ ተመርቆለት ሲያገኝ ደስታው ወሰን እንደማይኖረው ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ሳይገምቱ አልቀሩም። በዚያን ጊዜ ለቤት መግዣ ከባንክ የሚገኘው ብድር ወለዱ ከዚህ ያነሰ ነበር፤ ነገር ግን ርካሹን ብድር ትቶ ውዱን መውሰድ የአገር ፍቅር መግለጫ ሊሆን ይችላል።

ሚኒስትሩ ግሬግ ባርከር እስከ ዓመቱ መጨረሻ 10,000 ሰው ካልተመዘገበ እንቅልፍ እንደሚያጡ ተናግረው ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ተመዝጋቢው 2,000 እንኳ አልሞላም፤ ስለ ሚኒስትሩ እንቅልፍ ግን በይፋ የቀረበ ሪፖርት የለም። 14 ሚሊዮን ቤቶች ይታደሱበታል የተባለው ዕቅድ በ2015 ሲዘጋ የተሰጠው ብድር 14,000 ገደማ ብቻ ነበር። የብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት ሒሳቡን ሲሠራው እያንዳንዱ ብድር ሕዝቡን 17,000 ፓውንድ ገደማ አስወጥቷል። በዚህ ገንዘብ ብድሩን ትቶ ቤቱን በነፃ ማደስና ለባለቤቱ ምሳ መጋበዝም ይቻል ነበር። እንዲህ ያለው አሠራር ግን ሰው ያስለምዳል።

ወደ ሰሜን አየርላንድ ሲሻገሩ ጥበቡ ተገልብጦ ይገኛል። የለንደኑ ችግር ገንዘቡ አልወጣ ማለቱ ነበር፤ የቤልፋስቱ ችግር ደግሞ አልቆም ማለቱ። በኅዳር 2012 የወጣው ዕቅድ ለድርጅቶችና ለእርሻዎች የተዘጋጀ ነው። በእንጨት የሚሠራ ቦይለር ያስገባ ሁሉ፣ ባመነጨው ሙቀት ልክ፣ ለ20 ዓመት ይከፈለዋል። ለመካከለኛው የቦይለር መጠን ክፍያው በኪሎዋት ሰዓት 5.9 ፔኒ ነበር። ነዳጁ፣ ማለትም ፔሌት የሚባለው የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ፣ ያስወጣል ተብሎ የተሰላው ደግሞ 4.39 ፔኒ። 5.9 ከ4.39 እንደሚበልጥ ለማወቅ የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል፤ ይህኛው ስሌት ግን የተሠራው በአማካሪዎች ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም።

ለንደን ላይ ቀድሞ የወጣው ተመሳሳይ ሕግ ልጓም ነበረው፤ ቦይለሩ በዓመት ከተወሰነ ሰዓት በላይ ሲነድ ክፍያው ይቀንሳል። ቤልፋስት ያንን ሕግ በብዛት ቃል በቃል ገልብጣ ልጓሙ ያለበትን ክፍል አስቀረችው። ገልባጭ ተማሪ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ሳያስበው ነው፤ እዚህ ግን ዕቅዱን የሚያስተዳድረው ኦፍጌም የወጪ መቆጣጠሪያ ነገር አስቀድሞ አሳስቦ ነበር። ኃላፊዋ ሚኒስትር አርሊን ፎስተር ደንቡን ለምክር ቤቱ አቅርበው አስጸደቁ። ከማስጸደቃቸው በፊት እንዳላነበቡት ግን ከዓመታት በኋላ ጉዳዩን ለመረመረው አጣሪ ጉባኤ ተናግረዋል። ለነገሩ ደንብ የሚያነብ ሚኒስትር ለሌላ ሥራ ጊዜ ከየት ያገኛል?

የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ያለቅሳል፣ ብልህ ይልሳል። በሰሜን አየርላንድ ሞኝ አልነበረም ማለት ይቻላል። የአንድ ፓውንድ የእንጨት ብናኝ ያነደደ 1 ፓውንድ ከ60 ፔኒ እንደሚያገኝ ወሬው ተሰማ። ኃይል ቆጣቢ መሣሪያ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ ዕቃዋ ለምን እንደማይፈለግ ያወቀችው ደንበኞቿ ዘንድ ስትሄድ ነው፤ ማሞቂያው እየነደደ መስኮቱ ተከፍቷል። ብዙ ባነደደ ቁጥር ብዙ ለሚከፈለው ሰው ቁጠባ ኪሳራ ነው። በ2013 ለሚኒስትሯ ጻፈች፤ ኃላፊዎቹንም አግኝታ አስረዳች። ሰው እንዲህ ያደርጋል ብለው እንደማያምኑ ነገሯት። ሰውን ማመን መልካም ጠባይ ነው፤ በተለይ በሌላ ሰው ገንዘብ ሲሆን። ከዚያ ደግሞ ባዶ መጋዘን ስለሚያሞቅ ገበሬ የሚያወሳ ጥቆማ መጣ። ባዶ መጋዘን በድጎማ ዓለም ተመራጭ ደንበኛ ነው። ሞቀኝ በረደኝ አይልም፣ ቅጽ አይጠይቅም፣ ቅሬታ አያቀርብም።

በ2015 መንግሥት ነቃና ክፍያውን ሊቀንስ አሰበ። ሐሳቡ ሥራ ላይ እስኪውል ወራት አለፉ፤ ወሬው ግን ቀደመ፤ በዚያ መኸር ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አዳዲስ ማመልከቻዎች ጎረፉ። ቤልፋስት ያሉት ባለሥልጣናት ለረጅም ጊዜ ተረጋግተው የቆዩት ሒሳቡን ለንደን ትከፍላለች በሚል እምነት ነበር። የለንደን ገንዘብ ደግሞ የማንም ስላልሆነ አያልቅም። ገንዘቡ ገደብ እንዳለውና ከገደቡ ያለፈው ከራሳቸው በጀት እንደሚቆረጥ የተገነዘቡት ዘግይተው ነው። የሃያ ዓመቱ ትርፍ ወጪ 490 ሚሊዮን ፓውንድ ሊደርስ እንደሚችል ተገመተ። በጥር 2017 በዚሁ ጉዳይ ሰበብ ምክትል ቀዳሚ ሚኒስትሩ ማርቲን ማክጊነስ ሥልጣን ለቀቁ፤ ጥምር መንግሥቱ ፈረሰ፤ አገሩ እስከ ጥር 2020 ያለ መንግሥት ቆየ። በታሪክ መንግሥት ያፈረሰ ነገር ብዙ ነው፤ የእንጨት ቦይለር ግን ከነዚያ መካከል ብዙ ጊዜ አይጠቀስም። በመጋቢት 2020 የወጣው፣ አጣሪውን ጉባኤ የመሩት ዳኛ የሰር ፓትሪክ ኮግሊን ሪፖርት ለተፈጠረው ችግር መንስኤው ሙስና አልነበረም አለ፤ የዋናው ችግር ምንጭ እርስ በርሱ የተደራረበ ስሕተት እንደሆነ አስፍሯል። ለባለሥልጣን ከዚህ የበለጠ የመልካም ጠባይ ምስክር ወረቀት የለም።

የቤልፋስቱ ጭስ ገና ሳይበርድ ለንደን ሌላ ዕቅድ አመጣች። በሐምሌ 2020፣ ኮሮና ኢኮኖሚውን ባደቀቀበት ወቅት፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሪሺ ሱናክ «የአረንጓዴ ቤቶች ድጎማ»ን ይፋ አደረጉ። 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ በቫውቸር ይታደላል፤ 600,000 ቤት ይታደሳል፤ ሥራም ይፈጠራል። ሁሉም በስድስት ወር ያልቃል። ዕቅዱን ለመንደፍ የተሰጠው ጊዜ 12 ሳምንት ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ቢባልም፣ እዚህ ግን ፈሰሰ እንጂ የሚለቀም አልተገኘም።

የአንድ አመልካች መንገድ ይህን ይመስላል። ቫውቸሩ የወጪውን ሁለት ሦስተኛ፣ እስከ 5,000 ፓውንድ ይሸፍናል፤ ዝቅተኛ ገቢ ያለው እስከ 10,000 ያገኛል። የሚፈልገው በሩን ማስቀየር ነው፤ ነፋሱ የሚገባው በዚያ ነውና። ሆኖም በርና መስኮት ሁለተኛ ደረጃ ሥራ ተብለው ስለተመደቡ፣ ለበሩ ሲል መጀመሪያ ግድግዳውን ማስለበጥ ወይም ፓምፕ ማስገባት ይጠበቅበታል። ይስማማል። ከዚያ የምስክር ወረቀት ያለው ባለሙያ ይፈልጋል። የምስክር ወረቀቱን ማግኘት ለትንሽ ድርጅት ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል፤ ዕቅዱ ደግሞ የሚቆየው ስድስት ወር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ባለሙያ አልተመዘገበም። አንዱን አግኝቶ የዋጋ ማቅረቢያውን ሲልክ ፋይሉን የሚያስተዳድረው አይሲኤፍ የተባለ ኩባንያ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ከዚያ ተጨማሪ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ከማመልከቻዎቹ 52 በመቶው ወይ ውድቅ ተደርገዋል፣ ወይ አመልካቹ ራሱ ትቷቸዋል። ሁለተኛው ቡድን ብልሆቹ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሥራውን የጨረሰው ባለሙያም በተራው ክፍያውን ይጠብቃል። በመጠበቅ ብዛት ሠራተኛ የቀነሱ ድርጅቶች ነበሩ፤ ሥራ ለመፍጠር የወጣ ዕቅድ ሥራ ሲያሳጣ ማየት በየቀኑ አይገጥምም። 82,500 የሥራ ዕድል ይደግፋል ተብሎ ታቅዶ ኋላ ላይ የተገመተው ቢበዛ 5,600 ሆነ። ተከራይ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልተጠራም፤ ቫውቸር የሚጠይቀው ባለቤት ወይም አከራይ ነው። ለንደን ውስጥ ተከራይቶ ቆጣሪው ላይ በየሳምንቱ ካርድ የሚሞላ ሐበሻ ይህን ሁሉ ውጣ ውረድ ያለፈው በዚህ መልካም ዕድሉ ነው።

ዕቅዱ በኅዳር በአንድ ዓመት ተራዘመ ተባለ። በመጋቢት 2021 ደግሞ፣ ለባለሙያዎቹ የቀናት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ፣ ተዘጋ። የታደሰው ቤት ቢበዛ 47,500 ይሆናል ተብሎ ተገመተ። ከጠቅላላው የ314 ሚሊዮን ፓውንድ ወጪ 50 ሚሊዮኑ ለአስተዳደር ወጣ። ለአንድ ቤት ከ1,000 ፓውንድ በላይ ማለት ነው፤ ገና አንድ ጡብ ሳይነካ።

በግንቦት 2022 የተከፈተው የቦይለር መቀየሪያ ድጎማ ጥበቡን አደጋ ላይ ጥሎት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ማመልከቻውን ባለሙያው ራሱ ያስገባል፣ ድጎማው ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። ደግነቱ የተመደበው ገንዘብ ለሦስት ዓመት 450 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ለአንድ ፓምፕ 5,000 ሲታሰብ ለ90,000 ይበቃል። መንግሥት በ2028 ሊደርስበት ያቀደው ደግሞ በየዓመቱ 600,000 ፓምፕ ነበር። በ2023 ድጎማው ወደ 7,500 ከፍ ሲል ጠያቂው በዛ። ያም ሆኖ ሌሎች መሰናክሎች በቦታቸው ነበሩ። በእንግሊዝ ፓምፑ ከጎረቤት ወሰን አንድ ሜትር መራቅ ነበረበት፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በተሠሩ ጠባብ ቤቶች ሠፈር ይህ ማለት ፓምፑ በአየር ላይ ይንጠልጠል ማለት ነው። ደንቡ የተነሣው በ2025 ነው። በዚያ ላይ ለዓመታት የአረንጓዴ ኃይል መዋጮው ከጋዙ ይልቅ በኤሌክትሪኩ ሒሳብ ላይ ሲጫን ስለኖረ፣ በከፊልም በዚህ ምክንያት፣ የኤሌክትሪክ ዋጋ የጋዝን አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ ቆይቷል። ዜጋው በአንድ እጁ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ እንዲገዛ 7,500 ፓውንድ ይቀበላል፤ በሌላው እጁ ስላስነሣው ይቀጣል።

የፓምፑ ነገር ይህ ነው፤ ግድግዳውን በተመለከተ ውጤቱ ይበልጥ ግልጽ ነው። ከደንበኞች የኃይል ሒሳብ ላይ በሚሰበሰብ ገንዘብ የቤቶችን የውጭ ግድግዳ የማልበስ ሥራ ሲካሄድ ቆይቶ በጥቅምት 2025 የኦዲት መሥሪያ ቤቱ ውጤቱን አወጣ፤ በዚህ መንገድ ከተሠሩት ግድግዳዎች 98 በመቶው ጥገና የሚያስፈልገው ጉድለት አለባቸው። ከ22,000 እስከ 23,000 ቤት ማለት ነው። ካልተስተካከሉ እርጥበትና ሻጋታ ያመጣሉ። ሥራው የተሠራው በሐሳብ ደረጃ ሦስትና አራት አካል በሚቆጣጠረው ሥርዓት፣ የምስክር ወረቀት ባላቸው ባለሙያዎች ነው፤ አንዱ ተቆጣጣሪ ሌላው ይቆጣጠራል ብሎ ተማምኖ ነበር። ቀሪዎቹን 2 በመቶ ማን እንደሠራቸው፣ ለምንስ እንዲህ ከመስመር እንደወጡ፣ ምርመራ አልተከፈተም። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ ለሚቀጥለው «የሞቃት ቤቶች ዕቅድ» 13.2 ቢሊዮን ፓውንድ መድበዋል።