እኔ ዓሣ፣ እሷ ፀጉር

ስስታምነቴን ሰው አያውቅብኝም። ቡና ሲጠሩኝ ስኳር ይዤ ነው የምሄደው፣ ለቅሶ ቤትም ቀድሜ እደርሳለሁ። ድመቴ ወለላ ግን የማድቤቱን ጉድ ታውቃለች። ጋምቤላ ተቀምጬ፣ ባሮ እዚሁ አጠገቤ እየፈሰሰ፣ ቆሮሶውንና አምባዛውን የምበላው እኔ ነኝ። ለእሷ ወጥ የነካው እንጀራ ይደርሳት ነበር። «ድመት አይጥ ትያዝ እንጂ!» እላለሁ፣ አይጥ ይዛ ስትመጣ ደግሞ ከወንበር ላይ ወጥቼ የምጮኸው እኔው ነኝ።

በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲሻገር ወለላ ፀጉሯን ታረግፋለች። እንደ ልማዷም ቀኑን ሙሉ ትልሰዋለች። የድመት ምላስ ወደ ጉሮሮ ባዘነበሉ ጥቃቅን እሾሆች የተሞላ ስለሆነ፣ የያዘውን ፀጉር መልሶ መትፋት አይሆንላትም፤ ትውጠዋለች። ፀጉር ደግሞ ሆድ ውስጥ አይፈጭም። አብዛኛው ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፣ የቀረው ጨጓራ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማቻል።

የወለላ ክምችት የወጣው አለቃዬ ቤቴ በመጣ ቀን ነው። ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች፣ አንገቷን አሰገገች፣ ጎኗ ተርገበገበ፣ ከዚያ አንድ ጣት የሚያህል እርጥብ ግራጫ ነገር አለቃዬ ጫማ አጠገብ አስቀመጠች። ጫፉ ላይ የእንጀራ ቁራጭ ነበረበት። አለቃዬ እንጀራውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

መድኃኒቱን ማንንም ሳልጠይቅ አወቅሁት፦ ቅቤ! ፀጉሩን አንሸራቶ ያወርደዋል ብዬ እግሯ ላይ ቀባሁላት። ቅቤ ግን አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ የሚያልቅ ምግብ ነው፤ ፀጉሩ ባለበት ቀረ፣ ቅቤው ሶፋዬ ላይ ታተመ። ቀጥሎ ወተት ሰጠኋት። ካደጉ ድመቶች ብዙዎቹ የወተትን ስኳር መፍጨት እንደማይችሉ የተማርኩት ምንጣፉን ሳጥብ ነው።

ከዚያ ኩራቴ ተነሳ። አዲስ አበባ ስሄድ፣ ፀጉሯ እንደ ሙሽራ ቬሎ የሚጎተት ነጭ ድመት የተሳለችበት «ለፀጉር ጥቅልል» የሚል ደረቅ ምግብ ገዝቼ መጣሁ። ከ1902 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የምኒልክና የእንግሊዝ ውል በኋላ ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም በእንፋሎት መርከብ ዕቃ ይመጣባት የነበረች ከተማ ናት ጋምቤላ። የእኔን ከረጢት ያህል የተወራለት ጭነት ግን የገባ አይመስለኝም፤ ለሰፈሩ ሁሉ አሳይቻለሁ። ወለላ አሸተተችው፣ ሄደች። አልዋሽም፣ እኔ ቀምሼዋለሁ፤ ከመሥሪያ ቤታችን ክበብ ብስኩት አይከፋም።

ገበያ ላይ ዓሣ የምገዛቸው የአኙዋክ እናት ጉዳዩን ስነግራቸው ሚዛኑን እያስተካከሉ ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ አንተ ዓሣ ትበላለህ፣ እሷ ፀጉሯን ትበላለች። ምን ይግረምህ?» አሉኝ።

አንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄ ደግሞ የባሰውን ነገረኝ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። እኔ ደግሞ እንጀራውን ስሰጣት «ቁሌት ያለበትን ነው የመረጥኩልሽ» እያልኩ ውለታ አስቆጥርባት ነበር! ድመት ሥጋ በል ናት፣ ውኃም እምብዛም አትጠጣም። ደረቅ ምግብ ከመቶ 10 እጅ ያህል ብቻ ነው ውኃው፤ የተቀቀለ ዓሣ ግን አብዛኛው ውኃ ነው። ስለዚህ ዓሣውን ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ቀቅል፣ እሾሁን ልቀም፣ ከተቀቀለ ዱባ አንድ የሻይ ማንኪያ ደባልቅበት አለኝ፤ የዱባው አሰር ፀጉሩን ይዞ እንዲወርድ። ደጋግሞ እያቅለሸለሻት ምንም ካልወጣት፣ ምግብ እምቢ ካለች፣ ካልተጸዳዳች ግን አንጀቷ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዱባ አትቀልድ፣ ይዘሃት ና አለ። በመጨረሻም በየቀኑ አበጥራት፣ ብሩሽ ላይ የቀረ ፀጉር ሆድ አይገባም ሲለኝ ስልኬን እያየሁ ነበር።

አሁን ዓሣ ሻጯ «ለአንተ ነው ለእሷ?» ብለው ይጠይቁኛል። «ለእሷ» ካልኩ ስለሚመርቁልኝ ሁልጊዜ ለእሷ ነው። ምራቂውን ወለላ በዱባ ትበላለች፣ ዋናውን እኔ በአዋዜ። ብሩሹም ተገዝቷል። ለጊዜው ጫማዬን እያራገፍኩበት ነው።