ፌስታልን ጥሎ ፌስታልን መልሶ ስለ መግዛት

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው አዋጅ ፌስታል እንዲቀር ከተደነገገ ወዲህ፣ ቀድሞም በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ለማይበልጠው ስስ ፌስታል የማምረትም ሆነ የማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ታዝዞ ሳለ በየሱቁ እንደ ልብ ሲታደል መኖሩን የሚያስታውስ ሰው ሁሉ፣ አሁን በየቤቱ የተነሣውን፣ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣለውን ዕቃ በሚቆይ ዕቃ የመለወጥ ፍላጎት ሲያይ ደስ ሊለው ይገባል። ይሁን እንጂ መልካም አሳብ ሁሉ መልካም ፍሬ አያፈራምና፣ ይህንም ሥራ ከሥሩ ለማበላሸት የሚያስችል ምቹና ብዙዎች የሚሄዱበት መንገድ አለ። መንገዱን በምክር መልክ እዚህ ጽፌዋለሁ፤ የጻፍሁትም አንባቢ የሚስትበትን ስፍራ አስቀድሞ እንዲያውቀው ነው።

ሥራውን ለማበላሸት የሚሻ ሰው የሚጀምረው ከመጣል ነው። በቤትዎ ያለውን የላስቲክ ዕቃ ሁሉ፣ ዘይት የመጣበትን ቢጫ ጀሪካን፣ በርበሬና ሽሮ የተቀመጠበትን ባለ ክዳን ዕቃ፣ ውሃ የሚቀዳበትን ባልዲ፣ ደጋግመው የሞሉትን ሃይላንድ ሳይቀር በአንድ ቅዳሜ ሰብስበው ይጣሉት፤ ከዚያም ገበያ ወጥተው በምትኩ አዲስ የብርጭቆ ማስቀመጫ፣ አዲስ የቀርከሃ ማንኪያና አዲስ የጥጥ ቦርሳ፣ ያውም ስድስት ያህል፣ ይግዙ። እንዲህ ያደረገ ሰው ገና ለብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችለውን ጀሪካን በአንድ ቀን ቆሻሻ አደረገው እንጂ ከምድር ላይ አላጠፋውም። ከአዲስ አበባ ቤቶች የወጣው ቆሻሻ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሲከማች የኖረው በቆሼ ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ በሥሩ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ከነበሩት መካከል ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ቀበረ፤ ብዙዎቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያን ቀን የምናስታውስ ሰዎች፣ እኛ ጣልነው የምንለው ዕቃ በሌላ ሰው ደጅ እንደሚያርፍ ከልቡናችን ልናወጣው አይገባንም።

አዲሱም የጥጥ ቦርሳ ቢሆን ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። ጥጥ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ፀረ ተባይ ይረጭበታል፣ ከዚያም ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ ይነከራል፤ በእኛም አገር በአዋሽ ሸለቆ የሚለማው ከወንዙ በተጠለፈ መስኖ ነው። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት፣ አንድ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት አንጻር፣ አንድ ጊዜ ተይዞ ከሚጣል ፌስታል ተሽሎ እንዲገኝ ቢያንስ 131 ጊዜ መያዝ እንደሚኖርበት አስልቷል። እንግዲህ ስድስት ቦርሳ ገዝቶ አምስቱን በመሳቢያ የሚያኖር ሰው፣ ምንም እንኳ ልቡ ንጹሕ ቢሆን፣ በሒሳቡ ከከሰሩት ወገን ነው። አንዱን ይዞ እስኪቀደድ፣ ተሰፍቶም እንደ ገና እስኪቀደድ ድረስ ገበያ የሚመላለስ ግን አትራፊ ነው፤ ያረጀውን ጀሪካን እስኪሰነጠቅ ውሃ የሚቀዳበትም እንዲሁ ነው። ከተሰነጠቀም በኋላ ቢሆን ቁራሌው ይወስደዋል፤ ምናለሽ ተራ ከደረሰ ደግሞ ሌላ ሥራ ያገኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስሕተት፣ ዓይንን ብቻ አምኖ መግዛት ነው። ፌስታል እየቀረ በሄደ መጠን በየሱቁ የሚሰጠውን ጨርቅ መሳይ ቦርሳ፣ ጨርቅ ነው ብለው ይቀበሉ፤ በየገበያውም አዲስ ይቀበሉ፤ አሮጌውንም እንደ ፌስታሉ ይጣሉት። ስሕተትዎን ለማየት ቢወዱ ግን ቦርሳውን ወደ መስኮት ብርሃን ያቅርቡት፤ ድርና ማግ አያገኙበትም፤ በጥቃቅን ነጠብጣብ ተተኩሶ እርስ በርሱ የተጣበቀ ጭረት ብቻ ነው። ጥጥ በእሳት ቢነካ ዐመድ ይሆናል፤ ይህ ግን ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ያንጠባጥባል፤ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነውና። ያው የእንግሊዙ ጥናት እንደሚያሳየው እንዲህ ያለው ቦርሳ 11 ጊዜ ከተያዘ ዋጋውን ይመልሳል፤ ስለዚህ ዕቃውን እንደ ክፉ ነገር አላወግዘውም። የማወግዘው እንደ ፌስታል መጣሉን ነው፤ ከፌስታል ይልቅ ብዙ ፕላስቲክ አለበትና፣ በየቀኑ አንድ አንድ የሚጥል ሰው ከቀድሞው የበለጠ ይበድላል። ከሰሌን የተሠራው የእናቶቻችን ዘንቢል በየጓዳው ግድግዳ ተሰቅሎ ሳለ ይህ መሆኑ ደግሞ እጅግ ያሳዝናል።

በጽሑፍ ማመንም እንደዚሁ ነው። «የሚበሰብስ» ተብሎ የተጻፈበትን ሁሉ ይመኑ። ከዚህ ዓይነቱ ዕቃ አንዳንዱ እንዲበሰብስ በፋብሪካ ውስጥ እስከ 60 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይሻል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከመበስበስ ይልቅ ተሰባብሮ ዓይን የማያየው ፕላስቲክ ይሆናል፤ ስለዚህም የአውሮፓ ኅብረት ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገበያ አግዶታል። የወረቀት የቡና ኩባያም እንዳያፈስስ ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው፤ ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣው የቀርከሃ የጥርስ ብሩሽም አብዛኛውን ጊዜ ጠጉሩ ናይሎን ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚረቅ ስሕተት ግን አለ፤ እርሱም «ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር ሁሉ ለተፈጥሮ የሚስማማ ነው» የሚለው ነው። በላስቲክ የታሸገውን ሳሙና ትተው በእንዶድ ያጥቡ፤ ይህ እስከዚህ ድረስ መልካም ነው፤ ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ሲነጣ ኖሯል። እጣቢውን ግን ወስደው ወንዝ ውስጥ ይድፉት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጦች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ፤ ከዚያም ምልከታ ተነሥተው እንዶድ የብልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አስታወቁ። ያው ኃይል ግን ዓሣንም ይገድላል። ሥነ ፍጥረት የራሷ ሥርዓት አላትና፣ ቅጠል ነው ፍሬ ነው ብሎ መጠኑንና ስፍራውን ሳይመረምሩ መድፋት ዕውቀት አይባልም።

አሁን ደግሞ ወደ እንጀራው እንምጣ። በደንብ የተሰፋ፣ በአለላ ያጌጠ መሶብ ይግዙና በእንግዳ መቀበያው ክፍል ጥግ ያቁሙት፤ እንጀራውን ግን ከመደብር በመጣበት ፌስታል ታስሮ በጓዳ ይተዉት። ትኩስ እንጀራ በፌስታል ሲታፈን እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ በላስቲኩ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ይመለስበታል፤ የላይኛው ይጣበቃል፣ ጠርዙ ይረጥባል፣ ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ ሻጋታ ይታይበታል። የሰፌዱና የመሶቡ ስፌት ግን እንፋሎቱን ያሳልፈዋል፤ ይህን ጥበብ የሠሩት እጆች ስለ ሥነ ውበት ብቻ አልደከሙም። ከዚያም ባዶው ፌስታል ከሰል ለማቀጣጠል ከምድጃ ይገባል፤ ጢሱንም በዚያው ጓዳ ያለች እናትና በጀርባዋ ያለ ሕፃን ይስቡታል። ነፋስ የወሰደውን ደግሞ በግና ላም ይበሉታል፤ በሆድ ዕቃቸውም ተጠቅልሎ ይቀራል።

ሌላውን ምክር የምጽፈው በብዙ ኀዘን ነው፤ በደግነት ስም የሚፈጸም ግፍ ነውና። የሚጣለውን ዳይፐር፣ ሶፍትና የወረቀት መጥረጊያ ሁሉ በአንድ ጊዜ በጨርቅ ይለውጡ፤ የሚታጠበውን ክምር ግን ለቤት ሠራተኛዋ ይተዉላት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሌሊት ተነሥታ በርሜል የምትሞላውም፣ በማግሥቱ ያንኑ ውሃ ለሽንት ጨርቅ የምትቆጥበውም እርስዋ ናት፤ ደመወዝዋ አልተጨመረም፣ ሥራዋ ግን እጥፍ ሆነ። የቤቱ ጌቶች ስለ ፍጥረተ ዓለም ያላቸው ርኅራኄ ከራሳቸው ጣራ ሥር ያለችውን ነፍስ ካላየ ጽድቅ ብዬ ልጠራው አልችልም። ጨርቁን ለመለወጥ የወሰነ ሰው አስቀድሞ ማጠቢያውን፣ ውሃውንና ተራውን ይወስን፤ ይህን ማድረግ የማይችል ቤት በዳይፐሩ ላይ ጥቂት ቢቆይ አልፈርድበትም።

በመጨረሻ፣ ለተዝካር፣ ለክርስትና ወይም ለማኅበር ሰው ሲጠሩ በዕድሩ መጋዘን ያለው ሳህንና ብርጭቆ እንዳለ ይቀመጥ፤ እርስዎ ግን ከሸንኮራ አገዳ ገለባ የተሠራና «ለአካባቢ ተስማሚ» ተብሎ የተጻፈበትን የሚጣል ሳህን በካርቶን ይግዙ፤ ውሃውንም በሃይላንድ ያድሉ። በየወሩ በቅዱሱ ቀን ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው ጽዋ ስንት ዘመን ያው አንዱ ጽዋ ሆኖ ሳለ፣ በዙሪያው ያለው ማዕድ ሁሉ በማግሥቱ ጧት ቆሻሻ ይሆናል። ዕድሮቻችን ከድንኳኑና ከአግዳሚው ጋር ትልልቁን ድስት፣ ሳህኑን፣ ብርጭቆውን በአባላት መዋጮ ገዝተው ያኖሩት አንድ ቤት ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን ሁሉም በየተራው እንዲገለገልበት ነው፤ የሚጣል ዕቃን ለመተካት ከዚህ የበለጠ ሥርዓት ከውጭ ሊመጣልን አይችልም። ሰዎች የሚሸሹት ማጠቡን ነው፤ ለዚህም መፍትሔው ቅርብ ነው። የሚያጥቡት ሰዎች ከዋዜማው ይመደቡ፣ ወንዶቹም ከአጣቢዎቹ ይቆጠሩ፣ ውሃው በበርሜል ይሞላ፣ ሳህኑም ሲወጣና ሲገባ በዕድሩ ንብረት ክፍል ይቆጠር፤ እንዲህ ከሆነ ሁለት መቶ እንግዳ አንድም የሚጣል ሳህን ሳይነካ በልቶና ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።