ኮርኒስ ላይ አውጡት

ለቤቱ የተረፈ ዕቃ ሁሉ ፍርዱ አንድ ነው፤ «ኮርኒስ ላይ አውጡት!» ፈራጁ ቀና ብሎ እንኳ አያይም። እግሩ የተሰበረው ወንበር፣ የድግሱ ብረት ድስት፣ ልጆቹ የጨረሱት ደብተር፣ ሁሉም ከመተላለፊያው በላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ይገባል፤ ክዳኗ ስትገጠም ጉዳዩም ይዘጋል። ተረታችን ያስጠነቀቀን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ስለጣለችው ሴት ብቻ ነው። የብብቷንም የጓዳዋንም ቆጥ ላይ ሰቅላ ቆጡን ራሱን ስላወረደችው አንድም ነገር አልተነገረንም።

በአዲስ አበባ በየሰፈሩ የሚታየውን ቪላ እንውሰድ። ክዳኑ በአራቱም ጎን ወደ ግድግዳው የሚወርድ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮውን የባሕር ዛፍ ካፕሪያታ፣ ማለትም የጣሪያው የእንጨት ማዕቀፍ፣ ተሸክሞታል። ከካፕሪያታው ሥር 4 በ5 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ይመታል፤ ከሞራሌው ሥር 8 ሚሊ ሜትር ቺፑድ፣ ዙሪያውን ሊስትሎ፣ ከዚያ ቀለም። አለቀ። ልብ በሉ፤ ቺፑዱ የተመታው ከታች ወደ ላይ ነው። በሞራሌዎቹ መሐል የተቀመጠ ዕቃ በምስማር ተንጠልጥሏል እንጂ እንጨት ላይ አላረፈም፤ ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ምስማሩን በመጣበት መንገድ ይመልሰዋል። ሞራሌው ላይ ቢያርፍስ? ሞራሌውም ራሱ ከካፕሪያታው ሥር በምስማር የተሰቀለ ነው። አናጺው የታዘዘው ሰው ተጋድሞ ቀና ሲል ቆርቆሮ እንዳያይ ነበር፤ ስለ ሻንጣ የነገረው የለም።

የአራት ጎኑ ጣሪያ ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። ቤቱ 8 በ10 ሜትር ነው እንበል፤ ጣሪያውም መሐሉ ላይ 2 ሜትር ከፍ ይበል። የአንድ ሜትር ቁመት ለማግኘት ከግድግዳው 2 ሜትር ወደ ውስጥ መግባት ግድ ነው። ክዳኑ በሁለት ጎን ብቻ ቢወርድ ከ80 ካሬው 40ው ለዕቃ ይተርፍ ነበር፤ በአራት ጎን ሲወርድ ግን የሚተርፈው 24 ካሬ ነው፤ እሱም እመሐል። ከሥሩ የውስጥ ግድግዳ ከሌለ መሐሉ ማለት እንጨቱ ይበልጥ የሚጎብጥበት ቦታ ነው። ክብደት ቢቀመጥበት የማይከፋው ግድግዳው አጠገብ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ቆርቆሮው ዝቅ ብሎ ክንድ እንኳ አያስገባም። እንጨቱ የሚችልበትና ዕቃው የሚገባበት ቦታ አይገናኙም። ማዕዘኖቹማ የባሱ ናቸው። ከማዕዘኑ ወደ አናት የሚወጣው ሰያፍ እንጨት የአጫጭሮቹን ወራጆች ሸክም ሰብስቦ ግድግዳውን ወደ ውጭ ሲገፋ ይኖራል፤ ያንን ግፊት አጥብቆ የሚይዘው ከሥር የተጋደመው እንጨት ነው። እኛ የምንጭነውም እሱኑ ነው።

ከዕቃው ሁሉ የምከራከርለት ቢኖር የቴሌቪዥኑ ካርቶን ነው። ክብደት የለውም፤ ምክንያት ግን ሞልቶታል። ዋስትናው እስኪያልቅ ይቀመጥ ይባላል። ዋስትናው ያልቃል፤ ቤት ስንቀይር ይጠቅማል ይባላል። ቤት ይቀየራል፤ ቴሌቪዥኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በሰው ጭን ይሄዳል፤ ካርቶኑም ለብቻው ተጭኖ አዲሱ ኮርኒስ ላይ ይወጣል። ከዚያ ስንሸጠው ከነካርቶኑ ዋጋ ያወጣል ይባላል። ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ለቆራሌው ሲሰጥ እንኳ ካርቶኑ አይወርድም፤ ምክንያቱም በዚህ መሐል ሞልቷል። ባዶ ካርቶን ባዶ ሆኖ ከርሞ አያውቅም፤ መጀመሪያ የሕፃን ልብስ፣ ቀጥሎ መጽሔት ይገባበታል። ሻንጣም እንዲሁ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ለአውሮፕላኑ 23 ኪሎ አስመዝኖ ያመጣውን ሻንጣ ባዶውን ትቶልን ይሄዳል፤ እኛም በአሮጌ ልብስ መልሰን 23 እናደርሰዋለን። እንዲህ ያለው ሻንጣ ስድስት ከሆነ 138 ኪሎ ነው። ኩንታል ተኩል የሚጠጋ ጤፍ ከአልጋው በላይ ስቀልልኝ የሚል ሰው አላየሁም።

«ፈረንጁስ ጣሪያ ሥር ያስቀምጥ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ያስቀምጣል፤ ግን አስልቶ። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ኮድ ዕቃ ለማይቀመጥበት የጣሪያ ሥር በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ግድም፣ መጠነኛ ዕቃ ለሚቀመጥበት እጥፉን አስቦ እንጨቱን ያስመርጣል። «ጣሪያው በአራት በኩል የተደገፈ ስለሆነ ጠንካራ ነው» የሚለውም እውነት አለው፤ ነፋስን ከሁለት ጎኑ ክዳን በተሻለ ይቋቋማል። ነፋስ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ድስቱ አይሄድም። «ይኸው ስንት ዓመት ችሎ የለም?» ለሚለው መልሱ እንጨቱ ዘንድ ነው። ለዓመታት የተጫነ እንጨት በመጀመሪያው ቀን ከጎበጠው በላይ እያደር ይጎብጣል፤ እርጥቡን የተመታ ባሕር ዛፍማ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ምስማሩም ይላላል። ሊስትሎው ከግድግዳው ሲለያይ ማስቲሽ ሞልተን ቀለም እንቀባለን። ይህን ሁሉ እሺ ልበል። ከካፕሪያታው መሐል ያለውን ሰያፍ እንጨት «መንገድ ዘጋብን» ብሎ በመጋዝ የሚቆርጠውን ግን እሺ አልልም። ያ እንጨት ጌጥ አይደለም፤ ጣሪያውን ጣሪያ ያደረገው እሱ ነው። ለመሆኑ ከዚያ ዕቃ ሥር የሚተኛው ማን ነው? ባለቤቱ አይደለም። ለዕቃ የሚመረጠው የጓዳው በኩል ነው፤ እዚያ የምትተኛው የሰው ቤት ሠራተኛ ናት ወይም ልጆች ናቸው። ያልጠየቅናቸውን ሰዎች ከአናታቸው በላይ ብረት ድስት ደርድረን «ደኅና እደሩ» እንላለን።

መፍትሔ ጠፍቶ አይደለም። ከኮርኒሱ ጋር የማይነካካ፣ ከግድግዳ ግድግዳ የሚያርፍ ወፍራም ጠርብ ለብቻው ተጋድሞ ጣውላ ሊመታበት ይችላል፤ ርቀቱንና ውፍረቱን ግን ባለሙያ ያስላው። ግድግዳው የጭቃ ከሆነ ያም ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ወጪው ሲሰላ ደግሞ ከሚቀመጠው ዕቃ ዋጋ ሳይበልጥ አይቀርም፤ ዕቃውን ስጡ ቢባል ግን ማን ይሰጣል? ለነገሩ ቆርቆሮው ቀን ሲግል፣ ሌሊት ሲበርድ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፤ ደብተሩን አይጥ ይጨርሰዋል። ለአይጧ ድመት ይወጣላታል። ድመት አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ኪሎ አትበልጥም፤ እንጨቱ በሚችልበት በጠባቡ ጥግም ትገባለች። አወራረዱን ግን እስካሁን የሚያውቅላት የለም፤ እሷም የምታውቀው አይመስልም።