ወንጪን ማን ከፍ አደረጋት?

እናንተ የዘመኔ ሰዎች፣ መቼም የታዘብኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በዚህ አገር ሁሉ ነገር ከፍ ብሏል። የኑሮው ይቅር፣ እሱን ሬዲዮኑም ይለዋል። እኔ የምላችሁ የዶቅዶቄ መቀመጫ ነው። በደርግ ጊዜ የግብርና ሠራተኛ ሆኜ ያማሃ ስነዳ እግሬን እንደ ዋዛ ወርወር አድርጌ ነበር የምፈናጠጠው። ዘንድሮ ከስንት ዘመን በኋላ ልንዳ ብዬ ብነሣ፣ ኮርቻው ከወገቤ በላይ ሆኖ ጠበቀኝ። ድንጋይ አስመጥቼ፣ የልጅ ልጄን ትከሻ ተደግፌ ነው የወጣሁት። ፋብሪካዎቹ ምን ነካቸው? ሞተር የሚገዛው ቀውላላ ብቻ ነው እንዴ?

ሞተሩ የወንድሜ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዕቃ ያመላልስበት ነበር። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ሲያልቅ ከተማይቱ ፈቃድ የሌለው ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ስታግድ፣ አይሱዙ ላይ ጭኖ፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አሳልፎ አምቦ አመጣና ግቢዬ ውስጥ ገተረው። ዶሮዎቼ ሰፈሩበት። እኔም እያየሁት ዝም፣ እሱም እያየኝ ዝም፤ በመጨረሻ እኔ ተሸነፍኩ።

መካኒኩ ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። ካርቡራተሩን ፈታታና «ፋዘር፣ ቤንዚኑ ቆሞ ሙጫ ሆኗል፤ ቀዳዳውን ደፍኖታል» አለኝ። ፋዘር! ዱሮ የጉደር ገበሬ ከሩቅ ቆቡን አውልቆ «ኦቦ» ነበር የሚለኝ። ደግሞስ የዱሮ ቤንዚን መች ሙጫ ሆኖ ያውቃል? ከየት ተገኝቶ ያድርና! በኩፖን ነበር የሚሰጠን። ኩፖን ማለት ሥርዓት ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጋቢያችንን ተከናንበን እንሰለፋለን፣ የሰፈሩን ወሬ እናዳርሳለን፣ ረፋድ ላይ «አልቋል» እንባላለን፣ በፍቅር ተሰነባብተን ወደየቤታችን። ዛሬም ሰልፉ አለ፤ ጨዋታው ነው የጠፋው። ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ክፍያውም በቴሌብር ነው፤ ብር ይዤ ብቀርብ እንደ ሌባ አፍጥጠው አዩኝ። ይህ ቴሌብር የሚሉት ደግሞ ምስጢር ቁጥር አለው። ምስጢሩን ለልጅ ልጄ ነግሬያታለሁ፤ እሷ ዘንድ በደንብ ተጠብቋል፣ እኔ ነኝ የረሳሁት።

አነሣሡን ልንገራችሁ? በአውራ ጣት ጫን፣ ብርር! በቃ! እርግጫ የለ፣ ስድብ የለ፣ ላብ የለ። የእኔዋ ያማሃ ጠዋት ጠዋት ስትረገጥ፣ ስትረገጥ፣ ጎረቤቱ በሙሉ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ይመክራት ነበር። ካንዴላዋን ፈትቼ፣ በሸሚዜ ጫፍ ጠርጌ፣ እፍ ብዬባት እመልሳለሁ። አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይመርቃል። ሞተር ያስተዋወቀኝን ሰው ብዛት ብቆጥረው ግማሽ አምቦ ነው። የዛሬ ወጣት በአውራ ጣቱ አስነሥቶ፣ ማንንም ሳያስቸግር፣ ብቻውን ውልቅ! (እኔም በቁልፉ ነው የማስነሣው፤ የጉልበቴን ነገር ሐኪሙ ስለተናገረበት ነው እንጂ በእርግጫውስ አላንስም።)

ጩኸቱ ደግሞ! ማርሚታውን ሆን ብለው ይበሱና ሁሉቃ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ያንባርቁታል። ጆሮ አይተርፍም። ይህን ስናማርር የኤሌክትሪክ ሞተር መጣላችሁ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ ወሬው ሁሉ ባትሪ፣ ቻርጅ፣ ባትሪ ሆኗል። ይኸኛው ጭራሽ ድምፅ የለውም! ከኋላ መጥቶ ክንዴን ሊነካኝ ሲደርስ ነው ያየሁት። ሰው ሲመጣ ኮቴ አይሰማም? የእኔ ያማሃ ማርሚታዋ የተበሳ ስለነበር ገና ዳገቱን ስይዝ ባለእርሻው ሰምቶ ቡና ያስጥድ ነበር። አክብሮት ይሏችኋል እሱን ነው።

ሦስት ሆነው ሲጫኑስ አላያችሁም? ያለ ሄልሜት! ነፍሳቸውን የሚጠሉ ነው የሚመስሉት። እኛ ዘንድ ሄልሜት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ባርኔጣችንን ደፍተን፣ ነፋስ እንዳይወስድብን በአንድ እጃችን ይዘን፣ በሌላው እየነዳን እንሄድ ነበር። ሦስት የተጫንንበት ጊዜም አልጠፋም፤ የእኛ ሦስተኛ ግን በግ ነበር። በግ ጨዋ ነው፤ ሲሄዱ ዘፈን አይከፍትም።

ከጉደር ወዲያ፣ ወደ ጌዶ፣ መንገዱ ጠጠር ነበር። ያ ጠጠር ሰው ያደርጋል። ከሆለታ እርሻ ምርምር የመጣ ምርጥ ዘር ከኋላዬ ጭኜ፣ ከጎኔ አምቦ ውኃ በጠርሙስ አንጠልጥዬ እነጉዳለሁ። አምቦ ውኃ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚታሸግ፣ ጋዙን ከከርሠ ምድር ይዞት የሚወጣ ውኃ ነው፤ ጠጠሩ ሲነቀንቀው ቆርኪውን ወርውሮ ሱሪዬን እስከ ቁርጭምጭሚት ያርሰዋል። አቧራው በላዩ ሲያርፍበት ጭቃ፣ ጭቃው ሲደርቅ ጋሻ! አቧራውም ንጹሕ አቧራ ነበር። አሁን አስፋልት ሆነና ልብስ ሳይቆሽሽ የሚደረስበት ሆኗል፤ ሥራ ሠርቼ መጣሁ ቢባል ማን ያምናል?

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ባለሐይቋ ወንጪ ናት። እሑድ ጠዋት ባለቤቴ «አንቱ፣ ሞተሩን ነው ወይስ ወገብዎን የሚያስጠግኑት?» እያለችኝ፣ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ የወሊሶን መንገድ ያዝኩ። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ የወንጪ አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው ይላሉ። ይላሉ ነው! በእኔ ጊዜ እንዲህ አልነበረም። ዳገቱን ሳጋምስ ሞተሩ ያስለው ጀመር። መካኒኩን በስልክ ብጠይቀው «ፋዘር፣ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ይበዛበትና ይታፈናል» አለ። ዱሮ አየሩ ወፍራም ነበር፤ እሱንም አሳሱት። እኔም ሞተሩ ብቻውን እንዳያፍር ወርጄ አብሬው ጥቂት አለከለክሁ።

እዚያ ላይ ነው ባለሞተር ልጆች የደረሱብኝ። አንዱ በአንድ እጁ እየነዳ፣ በሌላው ስልክ ደግኖ «ሼባው፣ በርታ!» ብሎ አለፈ። በአንድ እጅ ሞተር ይነዳል? በዚህ ዕድሜዬ መጫወቻ ሆንኩ? አፋፉ ላይ ስደርስ አገኘሁትና ገሠጽኩት። ቪዲዮውንም እንዲልክልኝ አስገደድኩት። ልጄ ባሕር ማዶ ናት፣ ትየው ብዬ ነው። ደግሞ ያነሣኝ ከኋላ ነው፤ በቀኝ በኩል ሆኖ ቢያነሣኝ እንዴት ያምርብኝ ነበር!

ወንጪ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ታድሳለች፤ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መድቧታል። መንገዱ ለስልሷል፣ ሰው በዝቷል። ዱሮ ጭቃው እስከ ጉልበት እየዋጠን፣ ሞተሯን ተሸክመናት ስንደርስ ከወንጪ ቂርቆስ ደሴት በቀር የሚያየን አልነበረም። አሁን ሐይቁን ለማየት የመጣው ሁሉ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ የራሱን ፎቶ ያነሣል። ቆጮው ብቻ አልተለወጠም፤ እሱም ያን ዕለት ትንሽ ጠንከር ብሎብኛል፤ ዱሮ ለስላሳ ነበር። ጥርሴ ምንም አልሆነም።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ሞተሩ ለዶሮዎቹ ይመለስ፣ ቁልፉን ለወንድሜ ልጅ እልካለሁ። እኔ ከዚህ በኋላ በጋሪ ነው የምሄደው፤ ጋሪውንም ባጃጅ አጠፋው እንጂ። ባጃጅ ስላችሁ ትዝ አለኝ፣ እነዚህ ባለ ባጃጆች እኮ...

ቆይ፣ ቆይ። ማደያው ጋ ቦቴ ገባ አሉ? እስቲ ያቺን ልጅ ጥሩልኝ፣ ቁጥሩ እሷ ጋ ነው! ድንጋዩንም ወደ ሞተሩ አስጠጉልኝ፤ ሰልፉ ሳይረዝም!