ጋኔን በባቄላ ማሳ

ክረምቱን መካነ ሰላም አጎቴ ዘንድ ሰነበትሁ። የአጎቴን ባቄላ ቆርምድ የሚሉት ፈንገስ መትቶታል። ቅጠሉ ተጨማዶ፣ ኪንታሮት የመሰለ እብጠት አውጥቶ ሳየው አንጀቴ ተላወሰ። እኔ ደግሞ ያነበብሁትን ሳልሞክር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያነበብሁት ይህን ነው፦ አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ፉሚዮሚ ታኬዳ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እንጆሪ ላይ ሌሊት ሌሊት አልትራቫዮሌት እያበሩ ፈንገስ አጥፍተዋል። ሌሊት መሆኑ ነው የማረከኝ። ጨረሩ የፈንገሱን ዲኤንኤ ይሰብረዋል፤ ፈንገሱ ደግሞ ስብራቱን የሚጠግነው በብርሃን፣ በተለይ በሰማያዊው፣ ታግዞ ነው። ከተመታ በኋላ 4 ሰዓት ያህል በጨለማ ከቆየ ወጌሻ አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ተክሉን የማያቃጥል ጥቂት ጨረር ይበቃል።

ከባለሱቁ ሐሰተኛ ብር የሚለይባትን ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ተዋስሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጭ ጋቢዬን ተከናንቤ ማሳ ገባሁ። (ሳሙናው ውስጥ ልብስ የሚያነጣ ቅመም አለ፤ አልትራቫዮሌት ሲነካው ያበራል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።) ገና ሁለተኛውን ትልም ሳልጨርስ ጋቢዬ እንደ ጨረቃ ቦግ አለ። ጃርት የሚጠብቁት ጎረቤታችን አዩኝ።

«ሰው ነህ ጋኔን?»

«ሰው ነኝ አያ! ባቄላ እያከምሁ ነው!»

መልሴ ነገሩን አባሰው መሰለኝ፣ የመጀመሪያው ድንጋይ በጆሮዬ ሥር አለፈ። ሁለተኛውን ቦይ ውስጥ ተኝቼ ሰማሁት።

በማግስቱ ያንኑ ጽሑፍ ደግሜ አነበብሁ፤ መጀመሪያ በደንብ ባነብ ኖሮ! እነ ታኬዳ ያበሩት አልትራቫዮሌት ሲን ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 254 ናኖ ሜትር፣ ዓይንና ቆዳ የሚያቃጥል። የፀሐይን እንዲህ ያለ ጨረር የኦዞን ንጣፍ ከላይ ስለሚያስቀረው ምድር አይደርስም። የእኔዋ ባትሪ የምትተፋው አልትራቫዮሌት ኤን ነው፤ እሱንማ የመካነ ሰላም ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በነፃ ታፈሰዋለች። ደግሞስ የእንጆሪው አመዳይ መሳይ ሻጋታ ቅጠሉ ላይ ተዘርግቶ ስለሚኖር ጨረሩ ያገኘዋል፤ ቆርምድ ግን ከቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያሳብጠው። ትክክለኛውን መብራት ባገኝ እንኳ የምጠብሰው ራሴን ነበር።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝና ከኪሳቸው የተጣጠፈ ባለ 200 ብር አወጡ።

«ባቄላውን ተወው። ይቺን ማክሰኞ ገበያ ነው የሰጡኝ፤ እስቲ አብራባት።»

ማብሪያውን ተጫንሁ። ባትሪው አልቋል።