አስናቀ በትኬት

ፈረንጅ ጉደኛ ነው፤ ሳሎኑ ተጋድሞ ሲያየው የኖረውን ድራማ ሲኒማ ቤት ሄዶ ከፍሎ ይደግመዋል። ወደ 18 ዓመት በቴሌቪዥን የቆየው «ሲምፕሰንስ» እ.ኤ.አ. በ2007 ፊልም ሲሆን ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዛቀ። እኛስ? «ሰው ለሰው» በኢቲቪ ሲታይ አገር በሙሉ የድራማውን ክፉ ሰው አስናቀን ይራገም ነበር፤ ያውም በብላሽ። እስቲ አሁን አስናቀን ሲኒማ አስገቡትና ትኬት ቁረጡበት! የካዛንቺስ ሰው እንደሆነ፣ ቴሌቪዥኑ ከፍሪጁ በላይ በተሰቀለበት ቡና ቤት አንዲት ስኒ ይዞ ሦስት ክፍል የሚጨርስ ባለሙያ ነው። ለነገሩ አብዛኛው ሰፈር በ2017 ዓ.ም. ፈርሶ ተመልካቹ ዳር ከተማ ተበትኗል፤ አምባሳደር ሲኒማ ድረስ መጥቶ ቢያይ የታክሲው ሂሳብ ከትኬቱ ይብስበታል። ፕሮዲውሰሩ ፊልሙን ሃያ ቦታ ቆራርጦ በቴሌቪዥን ቢለቀው ይሻለዋል።