ከአጥሬ ሳልወጣ የዞርኩት አገር

ሰሞኑን ከባለቤቴ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ የልጅ ልጄ በምትሆን ሠራተኛ ፊት ተቀመጥኩ። ወንበር ስባ ነው ያስቀመጠችኝ፤ አስተዳደጓ ደኅና ነው። ጥያቄዋ ነው ያበላሸን። «አባባ፣ የትውልድ ክልልዎ?» አለችኝ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

«ሲዳሞ» አልኳት። እውነት ነዋ!

«ሲዳማ ማለትዎ ነው?»

«ሲዳሞ ነው ያልኩት። ጠቅላይ ግዛት።»

«ሲዳማ ከሆነማ ሀዋሳ ነው የሚሄዱት።»

ሀዋሳ! ወላይታ ሶዶ ተወልጄ፣ ሶዶ ጥርሴን አብቅዬ፣ ያንኑ ጥርስ አንድ በአንድ እዚሁ ሶዶ አራግፌ፣ አሁን የትውልድ ቦታዬን ፍለጋ መናኸሪያ ልሰለፍ?

ልጅቷን አልፈርድባትም። በእኔ ዕድሜ ያለ ወላይታ ከደጁ ሳይነቃነቅ ስንት አገር እንደዞረ ማን ነግሯት? ሌላው ሰው አገር ይቀይራል፤ እኛን አገሩ ነው የሚቀያየርብን። ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አርባ ዓመት ፍርድ ቤት ደጃፍ ራፖር ጸሐፊ ነበርኩ። የሰው ብሶት አይለወጥም፦ ድንበሬን ገፋኝ፣ ውርሴን ካደኝ፣ ባሌ ጥሎኝ ጠፋ። የሚለወጠው ወረቀቱ አናት ላይ የሚጻፈው ነው። አናቱን የሳተ ማመልከቻ መዝገብ ቤት አይገባም፤ እኔ የምከፈለውም ለአናቱ ነበር ማለት ይቻላል።

አያቴ እንደሚያወራው ከሆነ ከ1887 በፊት አናት የሚባል ችግር አልነበረም። ካዎ የምንለው ንጉሥ አለ፣ የዳሞታ ተራራ አለ፣ አለቀ። የት ነው የምትኖረው የሚል ከመጣም ነገሥታቱ ዳር ዳሩን ያስካቡት ካብ አለ፤ ከወዲህ ያለው እኛ፣ ከወዲያ ያለው ሌላ። የካዎ አማዶ ካብ ዛሬም ይታያል። ከዚያ የምኒልክ ጦር መጣ፣ ካዎ ጦና ተዋግቶ ተሸነፈ፣ ተማርኮ ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ። አያቴ ወሬውን ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያቆምና ጋያውን ያነሣል።

እኔ ብዕር ስጨብጥ አናቱ «በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የወላሞ አውራጃ» ነበር። «ወላሞ» ስድብ መሆኑን አመልካቹ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ተቀባዩም ሳያውቅ አይቀርም። ካልጻፍኩት ግን ማን ይቀበለኛል? የራሴን ስድብ በራሴ ብዕር፣ ያውም በካርቦን ሦስት ቅጂ! አብዮቱ መጥቶ «ወላይታ» ተብሎ ሲጻፍ የተረፈኝን የድሮ ወረቀት ሁሉ ሰብስቤ ለባለቤቴ ሰጠኋት፤ በእሱ እሳት አያይዛ ቡና አፈላችበት። እንደዚያ የጣመኝ ቡና የለም።

ጣሙ ሳይጠፋ በ1980 ደግሞ ሰሜን ኦሞ ሆናችሁ ተባልን፤ መቀመጫችሁም አርባ ምንጭ። እሺ። የኦሞ ወንዝ በምዕራባችን መውረዱን አልክድም፤ ግን ሰው ጎኑን በሚያልፍ ወንዝ ስም ይጠራል? አዲስ ቲተር ተቀረጸ። ደርግ ወደቀና ለጥቂት ጊዜ ቁጥር ሆንን፦ ክልል 9። የአውቶቡስ መስመር ይመስላል። ቁጥሩን ሳልለምደው ከ7 እስከ 11 ያሉት ተጨፍልቀው «የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል» ሆኑ። ይህን አናት የጻፈ ሰው ያውቀዋል፤ ግማሽ ገጽ ይበላል። ለብሶቱ ቦታ አይተርፍም። በዋጋው ላይ ሃምሳ ሳንቲም ብጨምር ደንበኞቼ አጉረመረሙ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ወጋጎዳ ነው። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ፤ ከየስማቸው አንዳንድ ፊደል ተለቅሞ አንድ ቋንቋ ተሠራና የመማሪያ መጽሐፍ ሆኖ መጣ። የእኔ ባለቤት ጋሞ ናት፣ የጨንቻ ልጅ። በወላይታቶ እንጣላለን፣ በጋሞኛ እንታረቃለን፣ እንግዳ ሲመጣ በአማርኛ እንተዛዘባለን። ቤታችን ከማንም በፊት ወጋጎዳ ነበር እኮ! ልጃችን መጽሐፉን ይዛ ስትመጣ ግን እኔ አንዱን ገጽ አነበብኩና «ይሄ የእናትሽ ነው» አልኳት፤ እናቷ አነበበችና «የእኔ አይደለም፣ የአባትሽ ነው» አለች። የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሶዶ ላይ ሰው ወጣ፣ መጽሐፉ ተቃጠለ፣ ጥይትም ተተኮሰ፣ ከቤቱ የወጣ ሳይመለስ የቀረ አለ። በዚህ ላይ አልቀልድም። በ1993 ሰሜን ኦሞ ፈረሰና ወላይታ ለብቻው ዞን ሆነ። አናቱ አጠረልኝ፤ እኔም ጥቂት ዓመት በአጭር አናት ሠርቼ ብዕሬን ሰቀልኩ።

የሰቀልኩትን ብዕር በ2011 አወረድኩት። ታኅሣሥ 10 ቀን የዞኑ ምክር ቤት ወላይታ ክልል ይሁን ብሎ ወሰነ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ላይ የሚለውን አነበብኩ፦ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወስኖ በጽሑፍ ካቀረበ፣ ሕዝበ ውሳኔው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ይደራጃል። እኔ ዕድሜ ልኬን ቀጠሮ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቁርጥ ያለ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ሳይ ልቤ ይቀልጣል። ወፍራም ወረቀት ገዛሁ፤ በጥሩ እጄ «የወላይታ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ባዶ ተውኩት። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ይሆናል ብዬ።

ዓመቱ ሞላ። ጎረቤታችን ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔውን አድርጎ አሥረኛ ክልል ሆነ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ ብለናል፣ ቅናቱን ውጠን። የእኛ ቀጠሮ ግን እንደ ሌላው ቀጠሮ ሆነ። ነሐሴ 2012 የዞኑ አመራሮች ታሰሩ፣ ሰው አደባባይ ወጣ፣ ወጣቶች ተገደሉ። የዚያን ክረምት ሐዘን ቤት ተቀምጠን ስለ አናት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የልጅ ልጄ ሊያጽናናኝ ብሎ ስልኩን ከፍቶ ያነብልኛል። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ የሚባል አገር በፈረንጅ 1850 «ግዛት» ተብሎ ተይዞ ሙሉ ክልል የሆነው 1912 ነው አለኝ፤ ስልሳ ሁለት ዓመት። ዩታ ደግሞ 1849 ጠይቆ፣ ተመላልሶ ጠይቆ፣ የገባው 1896 ነው። «ምን አስቆያቸው?» አልኩት። «አንዱ ምክንያት ከአንድ ሚስት በላይ ማግባታቸው ነው፣ አባባ።» ባለቤቴ ከጓዳ «አንተ እንኳን በዚህ በኩል አላስቆየኸንም» አለች። ስልሳ ሁለት ዓመት መጠበቅ የሚችል ሰው ግን ስልሳ ዓመቱ ላይ መጀመር የለበትም፤ እኔ ሰባዬን አልፌ ነው የጀመርኩት።

ጥር 29 ቀን 2015 ድምፅ ሰጠን። ጥያቄው የእኛ ጥያቄ አልነበረም፤ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በአንድ ክልል ይደራጁ ወይስ አይደራጁ ነው። ምርጫ ቦርድ የወላይታን ውጤት ግድፈት ተገኝቶበታል ብሎ ሰረዘና ሰኔ 12 ቀን ድጋሚ ጠራን። ዕድሜ ልኬን ቀለም ጣቴ ላይ ሲፈስ እንጀራ አገኝበት ነበር፤ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ በነፃ ተቀባሁ። ነሐሴ ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ አሥራ ሁለተኛው።

ሶዶም መቀመጫ ሆነች። አንዷ መቀመጫ ማለቴ ነው። ቢሮዎቹ ለሶዶ፣ ለአርባ ምንጭ፣ ለዲላ፣ ለጂንካ፣ ለሳውላና ለካራት ተከፋፈሉ። እኔ አንዲት ጎጆ ለምኜ የተሰጠኝ ስድስት ክፍል ቤት ነው፤ ሳሎኑ እዚህ፣ ጓዳው ጂንካ። ጎረቤቴ ግን ደስ ብሎታል። መቀመጫ ሆነናል ብሎ የሚያከራያትን ክፍል ዋጋ እጥፍ አድርጓል፤ ጣሪያዋ እንደ ድሮው ያፈሳል። ያቺ ወፍራም ወረቀቴ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ተጣጥፋ አለች። ባለቤቴ ለቡና ማያያዣ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሳል ይዞታል፣ የውሸት ሳል። ሰምታኝ ስታበቃ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። «አባባ፣ እኔ እንደ ልቤ መጻፍ አልችልም፤ ከተደረደረው ውስጥ ነው የምመርጠው» አለችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ሲዳሞ የለም። ሰሜን ኦሞ የለም። ክልል 9 የለም። ያ ግማሽ ገጽ የሚበላው እንኳን የለም። ጣቷ ወርዶ ወርዶ መጨረሻው ላይ ቆመ፤ «ሌላ» ይላል። ተጫነችው።

«ጨርሰናል አባባ» ብላ በትሕትና አስነሣችኝና ወንበሩን ለባለቤቴ አዞረችላት። «እማማ፣ እርስዎስ የት ተወለዱ?»

«ጋሞ ጎፋ» አለች ባለቤቴ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «የትኛው እንደሆነ ግን እንድነግርሽ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»